ቋጥሪና እለፊ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደሴ ጉም ለብሳ፣
ከቧንቧ ውሃ ጥግ፣ ሰርቪሱ ሲነሣ፣
ከመስኮት ሥር ነበርኩ፣ ስልኬ በመዳፌ፣
የሐረጎን ጥምዝ፣ ሳላየው አልፌ።
ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ ወበቅ ሲቀበለኝ፣
«መቼ ወረድን?» ብል፣ መልስ የሚሰጥ የለኝ።

ዓይኔ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ግን ሌላ ጋ፤
አንዴ ከዕቁብ ዕጣ፣ አንዴ ከጤፍ ዋጋ፣
አንዴ ከወንድሜ፣ ካልተመለሰ ብድር፣
አንዴ ትናንት ማታ፣ ከዋጥኩት ነገር።

ፋብሪካው በር ላይ፣ ስልክ ይቆለፋል፤
ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያልፋል።
ፈታሿ ሰዓዳ፣ ኪሴን ዳብሳ አለፈች፤
ጭንቅላቴን ግን፣ መች ከፍታ አየች?

አራት መቶ እንዝርት፣ ሁሉም ይሾራል፤
ብናኙ እንደ አመዳይ፣ ቅንድብ ላይ ይሰፍራል።
ክር ሲበጠስ እንደሁ፣ አንድም ድምፅ የለውም፤
ዓይን ካላየው በቀር፣ ጆሮ አይሰማውም።
ሳይታይ የቆየ፣ ዙሪያውን ይጠልፋል፤
አንዱ የጀመረው፣ ለጎኑ ይተርፋል።

ሥራ ስጀምር ሰሞን፣ ያኔ መጀመሪያ፣
እግሬ ማሽኑ ሥር ነው፣ ልቤ ሰኞ ገበያ፤
ሽንኩርት ስከራከር፣ ቲማቲም ስመርጥ፣
አሥራ አንድ ክር ከፊቴ፣ በአንድ ላይ ሲቆረጥ!
ራሴን ረገምኩት፣ ጥርሴን ነከስኩበት፤
ስቆጣ ሌላ አሥር፣ ተጨመረበት።

ያኔ እትዬ ዘምዘም፣ ሃያ ዓመት የቆሙ፣
በማሽኑ ጩኸት፣ ጆሮ የታመሙ፣
(በከንፈር ነው ወሬው፣ ድምፅ በማይደርስበት)
አፋቸውን አየሁ፣ ቃል ሲፈጠርበት፦

«አብሽሪ፣ ክር ነው፣ መበጠስ ልማዱ፤
እሱ አይደለም ጥፋትሽ፤ መቆጣት ነው ጉዱ።
ቋጥሪና እለፊ። ደግሞም ሲበጠስ፣
ቋጥሪና እለፊ፣ እስኪመሽ ድረስ።»

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ አንድ ዙር፣ ጭብጥ፤
ቋጠሮው ይጠፋል፣ ክሩ ፈጥኖ ሲሮጥ።
ይኸው ብቻ ነው ወይ? ይኸው ነበር በቃ፤
ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ እጄ እስኪነቃ።

አሁን ሐረጎን ስወጣ፣ አንድ ጥምዝ እመርጣለሁ፤
ሁሉንም ማየት አልችልም፤ እሷን ብቻ አያለሁ።
አንድ ቀን ጽድ ነው፣ አንድ ቀን የቆመች መኪና፣
አንድ ቀን ጉም ብቻ። ጉሙንም አየሁት፣ አለና።

ግን አሁንም እጠፋለሁ። አልዋሽም፣ ብዙ ጊዜ።
ሻዩ ሞልቶ ይፈሳል፣ ስቀዳ በትካዜ።
ልጄ ሐያት ስታወራኝ፣ «እሺ፣ እሺ» ስላት፣
«ምን አልኩሽ?» ትላለች። ምን ልመልስላት?
ስልኬን እገለብጣለሁ፣ ፊቱን ወደ ምንጣፍ፤
«እስቲ ከመጀመሪያው» እላለሁ፣ ሳልጣደፍ።
ወሬዋ ስለ ድመት ነው፣ ጅራት ስለሌላት፤
በየቀኑ እበራችን ናት፤ አንድ ቀን አላየኋት።

ትናንት ደግሞ ማታ፣ ዒሻን ስሰግድ፣
ሐሳቤ በጨለማ፣ ቁልቁል ሲነጉድ፣
ሁለት ይሁን ሦስት፣ ጠፋብኝ ረከዓው፤
የደሴ ብርድ ብቻ፣ ቁርጭምጭሚቴን ሲወጋው።
አልተቆጣሁም። ካነሰው ጀመርኩ፤
ሁለት ነው አልኩና፣ አንገቴን ሰበርኩ።
አውራ ጣት ሌባ ጣቴን፣ ሳላዘው ዞረ፤
ውጭ ባጃጅ ነጎደ። ስልኬም ነዘረ።