ሲለቀቅ

መጋላ መግቢያው ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ፣
ጉበት ይጠብሳል ሮብሌ፣ በሽንኩርት አሳምሮ።
የግመል ይሁን የፍየል፣ ሻጭ ይዞለት ሲመጣ
በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ አይቸኩልም፣ አይቆጣ።
ጣቱ የረገጠበት ካልሞላ፣ ከቀረ ምልክት፣
ፊቱ ቅጭም ይላል፣ ዝም ይላል ለጥቂት፤
"ይሄ ጮማ ይዟል" ይላል፣ "ቀለሙም ገርጥቷል፤
መልሰው፣ ወንድሜ፤ ይሄ ጉበት ደክሟል።"

ልጅ ሆኜ፣ ደብተሬን አንግቼ በዚያ ሳልፍ፣
በላሆህ ጠቅልሎ ያቀብለኝ ነበር፣ ትኩሱን፣ በሰፊ መዳፍ።
እኔንም አስተማረኝ፦ "ተጫኚው፤ ጣትሽን ካልገፋ አትግዢው።"
ራሱ ግን ሻዩን በአምስት ማንኪያ ስኳር ያወፍራል፤
ከቀትር በኋላ ሐልዋ፣ በጫቱ ላይ ለስላሳ ይደርባል።
ሆዱ ቀድሞት ሲገባ "ተመቸው" ይላል ሰው፤
ማንም አይጠይቅም ውስጡን ምን እንዳራሰው።

አንድ ማታ አመጡት።
ሳቢያን መውረጃው ላይ ባጃጅ ተገልብጦ፣
ጉበቱ ተሰንጥቆ፣ ሆዱ በደም ተውጦ።

የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፦
ጨርቁን፣ መርፌውን፣ መቀሱን። ያን ሌሊት ግን ደቂቃውን።

ዶክተር ኢፍቱ ገልጣ አየች። ቢጫ ነበር፤ ጠርዙ ደንዝዟል።
"ጮማ ነው" አለች፣ ለራሷ።
ወደ ጉበት የሚገባውን የደም መንገድ
በአንድ መቆንጠጫ ያዘችው። ደሙ ቆመ።
"ለሌላ ሰው ሩብ ሰዓት እወስዳለሁ። ለዚህ አስር። ቁጠሪ።"

አንድ። ሁለት።
ጸጥ ያለ ጉበት። ልክ እንደ ደቻቱ
በጥር ወር፦ አሸዋ ብቻ፤ ሰው የሚሻገረው፣
ግመል የሚተኛበት፣ ነጋዴ ሸራ የሚወጥርበት፣
ሰላም የሚመስል።

ድሬ የተወለደ ያውቃል፦
ድርቀቱ አይደለም የሚገድለው፤
ውሃው የተመለሰ ሌሊት ነው።
እኛ ጋ ሰማዩ በከዋክብት እንደተሞላ
ደንገጎ ላይ ይዘንባል፤
በእንቅልፍ ሰዓት ጎርፉ በር ይሰብራል።
ሮብሌ፣ በዝናብ የተወለደ ማለት ነው።
ሚስቱን የወሰደበትም ያው ውሃ ነው።

ሰባት። ስምንት።
ጉበትም እንዲያ ነው። ደም ሲቋረጥበት ይራባል፣ ይታገሣል፤
እሳቱ ሲለቀቅ ነው። የተራበ ህዋስ
ያን ሁሉ አየር ባንዴ ሲጎርስ
ይታነቃል፣ ይቃጠላል።
ጤነኛው ይችለዋል፤ ቦዩ ሰፊ ነው።
ጮማ የሞላው ግን፣
ወንዙ ሆድ ውስጥ ቤት እንደሠራ ሰፈር፣
የውሃውን መሄጃ ራሱ አጥብቦታል።

"አስር" አልኩ።
ስፌቷን አየች። መቆንጠጫውን አላላች፣
ቀስ ብላ፣ የግድብ በር እንደሚከፍት ሰው።
ቢጫው ቀላ። ጠቆረ። እንደገና ቀላ።
ማናችንም አልተነፈስንም።

ሦስት ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እያቃዠው ዋለ፤
ሚስቱን በሶማልኛ "ውጪ! ውሃ መጣ!" እያለ።
በአምስተኛው ነቃ። ትራሱን ደገፍ ሲል፣
"አንቺ አይተሽዋል" አለኝ፣ "ምንድን ነው የሚመስል?"
ምን ብዬ ልዋሸው? መጫን ያስተማረኝ እሱ ነው።
"ገርጥቷል፤ ጮማ ይዟል" አልኩት። ዝም አለ።
ሳቀ፤ ስፌቱ አመመው፤ ጎኑን ይዞ እንዲህ አለ፦
"እኔ ጋ ቢመጣ፣ ወላሂ፣ እመልሰው ነበር።"

ሻይ ከነስኳሩ አመጣሁለት። ስኳሩን አልነካም።
መስኮቱን ክፈቺልኝ አለ፤
ከደቻቱ በኩል፣ ገና ያልተነሣ ውሃ
የሚሰማው ይመስል፣
ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ።