መቶ ስልሳ አንድ ደረጃ

ቫልፓራይሶን የሠራት ሰው ሜዳ የሚባል አላየም፤
ከወደቡ እስከ ቤቴ ድረስ አንድ ለጥ ያለ መንገድ የለም።
መቶ ስልሳ አንድ ደረጃ ነው፤ የቆጠርኩት በትከሻዬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው እሳት ተሸክሜ በጀርባዬ።
በብረት ቁራጭ ሲሊንደሩን ቃ! ቃ! አድርጌ ስመታ
መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ "ኤቫሪስቶ!" ይላል ኮረብታ።

አሁን ተኝቼ የምሰማው የሌላ ሰው ብረት ነው፤
ብራውሊዮ ይሉታል፤ ልጅ ነው፤ አመታቱ ችኩል ነው።

ያኔ ሲይዘኝ ትኩሳቱ ዘጠኝ ቀን ነበር፤
በዐሥረኛው ተነሣሁ፤ "ተረፍክ" አለ ጎረቤት፣ "ይመስገን እግዜር"።
በሦስተኛው ሳምንት ግን አርባኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤
ሲሊንደሩን አውርጄ ተቀመጥኩ፤ አንዲት ድመት አየችኝ።
ነገ ይሻለኛል አልኩ።
በነጋታው ሠላሳው ላይ ተቀመጥኩ።
ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው ያንን ነገ ስጠብቅ።

ሐኪሟ ፎቶውን ወደ መብራት አንሥታ "ሳንባህ ንጹሕ ነው" አለችኝ፤
ደሜም ደህና፣ ልቤም ደህና፤ እንደ እንግዳ መርቃ ሸኘችኝ።
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ መች ደበቅሁ?
እሱ ነው እንጂ ከኔ ጋር ገብቶ የሚደበቅ፣
ፎቶ ስነሣ ትንፋሹን ይዞ፣ ከበር ስንወጣ የሚስቅ።

ገላዬ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሳንቲም ይቆርጥልኛል፤
ጨምር ብዬ ብለምነው ፊቱን ያዞርብኛል።
አንዷን ለመታጠብ፦ ሻወሩ ሥር የላስቲክ በርጩማ አለችኝ፣
ልጄ ያስና ምንም ሳትል አምጥታ ያስቀመጠችልኝ።
አንዷን ጢሜን ለመላጨት። ሦስተኛዋን እቆጥባለሁ፣
የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ዐሥር ደቂቃ እስቅበታለሁ።
ባለፈው አራተኛ ተበደርኩ፤ ኳስ አቀበልኩት፣ ሁለቴ ብቻ፤
ወለዱን በጨለማ ከፈልኩ፣ አራት ቀን፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ለብቻ።

"ደረጃህ ወርዷል" ብሎ ጻፈልኝ ያሠራኝ ድርጅት።
እውነቱን ነው። መቶ ስልሳ አንድ ነበር፤
ዛሬ ሰባት።

ሽታም የለኝም። ሽንኩርቱ፣ ዓሣው፣ የባሕሩ ጨው፣ ሁሉም ካርቶን ነው።
በሐምሌ ብርድ አንድ ማታ ሾርባ ጥጄ፣
እሳቱን ነፋስ አጥፍቶት ኖሮ፣
እኔ፣ የሰው በር ላይ ቆሜ
"እመቤት፣ ይሄ ጎማ ይተነፍሳል" የምል የነበርኩ፣
መሣሪያ ሳልይዝ በአፍንጫዬ ብቻ ቀዳዳ የማገኝ የነበርኩ፣
በገዛ ወጥ ቤቴ ጋዙ ሲተነፍስ
ቁጭ ብዬ ነበር።
ክብሪት በእጄ ነበር።
ሊሳንድሮ፣ ስድስት ዓመቱ፣ ከበሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ
"አባባ፣ ይሸታል" አለኝ።
ክብሪቱን አስቀመጥኩ። መስኮቱን ከፈትኩ።
እሱ ዳቦ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"ደህና ነህ?" ይላሉ አላፊዎች፤ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤
አጭር ነው፤ ረጅሙን ብነግራቸው ትንፋሼን እጨርሳለሁ።

ዛሬ ብራውሊዮ ሲደርስ ማንኪያ አንሥቼ የአልጋዬን ብረት መታሁ፦
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ በኛ ኮረብታ እንደሚመታው።
ዝም አለ።
ቀጥሎ መታ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።
ገና አልያዘውም። ግን ዘገየ።

ከሰዓት በኋላ ከቤት ወጥቼ ሰባት ደረጃ ወረድኩ።
ድመቷ መጥታ ጎኔ ተኛች። ወደቡ ላይ አንድ መርከብ ይጮሃል።
መመለሻውም ያው ሰባት ነው፤
በኪሴ ያለችኝ ሳንቲም አንድ ናት፤
አላወጣኋትም ገና።