ራጁ ላይ ያለው ልጅ

ከቡሬ ተነስቼ በሌሊት አውቶቡስ፣
ዳሌዬን ደግፌ ደረስሁኝ ከማርቆስ።
ዶክተር የኔዓለም ራጄን ወደ መስኮት
አንስታ ጠቆመች ጎባጣዋን አጥንት።

«ይህ የጭንህ አጥንት ሙሉ ክብ አይደለም፤
አንገቱ ጉጥ አለው፣ ከውጭ ግን አይታይም።
ዘነዘና በለው፤ ዳሌህ ሙቀጫው ነው፤
ቁጢጥ ባልህ ቁጥር ጉጡ ጠርዙን ገጨው።»

ካልሲዬን ሳጠልቅ ትንፋሽ የሚያስውጠኝ፣
ባጃጅ ነድቼ ውዬ ማታ የሚቀስፈኝ፣
የባቄላ ያህል
እሱ ነው? ገረመኝ።

«ከየት መጣ?» አልኋት። እሷ ግን ጠየቀች፦
«በልጅነት እግርህ አንክሳ ታውቃለች?»

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ፣
ሳልወድቅ አነከስሁ፤ ወጌሻ አሸ፣ ቀባ።
እናቴ ይታክቱ «ከምንጩ ነው» አለች፣
ጠዋት ወደ ምንጩ መውረድ ከለከለች።
ህመሙ ለቀቀኝ። ሁሉም ረሳው ቶሎ።
አጥንቴ ግን ያዘው እንደ ቂም ጠቅልሎ።

«ከቤትስ ያመዋል ሌላ ሰው?» ስትለኝ
ያባቴ የአንማው አካሄድ ታወሰኝ፤
ዱካ ላይ አይቀመጥ፣ እድር ላይ ቆሞ ነው፣
ሰፈሩ በሙሉ «ኩሩ ነው» የሚለው።
ለካ ኩራት አይደል። ለካስ ዳሌው ኖሯል።
ሳይነግረን አረጀ።
ሳልጠይቀው ሞቷል።

«ኳስስ?» አለች። ሳቅሁኝ። በረኛ ነበርሁ!
በቀን አርባ ጊዜ ጠጠር ላይ ወደቅሁ።
ጋሽ ዋለ በፊሽካ «እግር ክፈት!» ሲለኝ፣
እንደ መቀስ ከፍቼ አንዲት ኳስ አታልፈኝ።
ከቋሚ እስከ ቋሚ አገሬ ያ ነበር፤
እኩዮች ሲያድጉ እኔ ስወረወር።

«ያኔ ያጥንትህ ጫፍ እርጥብ ሆኖ ያድጋል፤
ጫና ሲበዛበት ትርፍ አጥንት ያበቅላል፤
ለአጥር ሽቦ ታስሮ እንዳደገ ግራር፣
ሽቦውን ዋጥ አርጎ ጉጥ ሆኖ እንደሚቀር።»

«ታዲያ የቱ ይሆን? ማንከሴ? አባቴ?
ጠጠሩ? ፊሽካው ነው? በረኛነቴ?»
«አላውቅም» አለችኝ፤ «አጥንት ስም አይጽፍም፤
ሁሉም ነክቶት ይሆናል፤ ምስክር አልቆመም።»

ራጄን ጠቅልዬ፣ ወንበር ባዶ ሳለ፣
ቆሜ ስጓዝ ጊዜ አንዱ «ኩሩ!» አለ።

ደምበጫን ስናልፍ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ፣
ገለጥሁት ያን ራጅ፤ መጣች በሱ ዘልቃ።
ጉጡ ላይ አንድ ልጅ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣
ከቋሚ እስከ ቋሚ አየር ላይ ተኝቶ፣
ገና አልወደቀም።

«ወራጅ ቡሬ!» ሲሉ ልጁ ኳሷን ያዘ፤
እኔ ደረጃው ላይ፣ እግሬ እየተያዘ፣
አንድ፣
አንድ እያልሁ ወረድሁ።