የቦርሳ ፈታሹ መልስ

አፉላ፣ አውቶቡስ ጣቢያ፣ የምሥራቁ በር ላይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜአለሁ የሰው ቦርሳ ሳይ።
"ይክፈቱ" እላለሁ፤ ይንሸራተታል ዚፑ፤
ገርመም አደርግና፣ "ይለፉ፣ ይግቡ።"

ልቦለድ እንዴት ነው የሚጻፍ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤
ትናንት በቤተ መጻሕፍቱ፣ ወንበር ሲታጠፍ፣ ሰው ሲበተን ያዝሽኝ።
አፌ ተሳሰረ። መድረክ ላይ የወጣ ሰው ትንሽ ይዋሻል፤
ዛሬ ግን በሥራዬ ላይ ነኝ፣ እጄ ይፈትሻል፤
እጄ ሲፈትሽ ነው አፌ የሚፈታው።

ሦስት ጽፌአለሁ፤ ሁለቱ ታትመዋል፤
በአንዱ ጀርባ የልጅ ልጄ ዝሆን ስሎበታል።
ስንት ተሸጠ አትበይኝ። ካርቶን ሙሉ አሉ፣
አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ከኔ በላይ ይተኛሉ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ንጉሥና ገደል ብቻ ነበረ።
ባለቤቴ ባዩሽ ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች፤
"ሰዎችህ አይርባቸውም? ሽንትስ አይመጣባቸውም?" አለች።
ሁለት መቶ ገጽ ቀደድሁ፤ አንድ ወር አኮረፍሁ፤
ከዚያ አንድ ሰው ፈጠርሁ፤ ራበው፤
ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ተከተልሁ።

ተመስጦን ደጅ አልጠናም፤ ደጅ መቆም እንጀራዬ ነው።
የናዝሬቱ ወጥቶ የጥብርያዶሱ እስኪገባ ያለችው
አሥራ ሦስት ደቂቃ ናት መጻፊያዬ። ሾፌሩ ሲዘገይ
ሰው ያማርራል፤ እኔ አንድ አንቀጽ አተርፋለሁ፣ ቀና ብዬ ሳላይ።
(ለአለቃዬ እንዳትነግሪ።)

የወታደሯ ቦርሳ፦ ከጥይቱ ካዝና ጎን የጥፍር ቀለም፤
የሽማግሌው ፌስታል፦ አንዲት ሎሚ፤ ሌላ የለም።
የዚያች ጥቁር ለባሽ፦ የሕፃን ጫማ፣ የግራው ብቻ።
አልጠየቅኋትም። ሁለት ዓመት ፈለግሁለት አቻ።
በሦስተኛው፣ አንድ ሌሊት፣ ከወረቀት ላይ ብቅ አለ የቀኙ ጫማ፤
እሷ አታውቅም። "ሻሎም" ትለኛለች፣ ታልፋለች ወደ ከተማ።

እና ሊራዝ፣ ምክር ከሆነ የፈለግሽው፣
የሰውን ቦርሳ ክፈቺ፤ ግን ሁሉን አታውጪው።
ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍ የጉምሩክ ነው ሙያ፤
ሎሚዋ ትበቃለች ለሽማግሌው ማያ።
የራስሽንም ቦርሳ ፈትሺ። እሱ ነው የሚከብደው።
እኔ የራሴን ገና ግማሽ ድረስ ነው የከፈትሁት፤
ከሥር ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተውሁት።

"በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ?" አልሽ፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ።
አማርኛሽ የወጥ ቤት፣ ዕብራይስጥሽ የፈተና፤
አያትሽ ያለምወርቅ ይሉሻል፣ መታወቂያሽ ሊራዝ፤
የቱን ልጣል፣ የቱን ልያዝ?
እኔ አላውቅም። እውነቴን ነው።
የገዛ ልጄ መጽሐፌን ማንበብ አይችልም፤
ሽፋኑን ይዳስሳል፣ "አባ፣ ያምራል" ይላል፤ ገጹን ግን አይገልጥም።
የማያነበኝን ልጅ እያሰብሁ ነው የምጽፈው፣
ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዓረፍተ ነገሬ የሚያጥረው።
ስትናደጂ በምን ትሳደቢያለሽ? በሕልምሽ በምን ይጠሩሻል?
በዚያ ጀምሪ። ከዘጠኝ ገጽ በኋላ ቋንቋው ራሱ ይመርጥሻል።
ወይም አይመርጥሽም። ያኔም ጻፊ።

ይኸው መጣሽ፣ የሃይፋውን ልትይዢ፣ እንቅልፍ በዓይንሽ ላይ፤
ቦርሳሽን ከፈትሽ፣ እንደማንም ሰው እንዳይ።
የተነከሰ ፖም፣ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ቅባት፤
ከሥር ደብተር፣ ጫፉ የታጠፈ፣ ላስቲክ የታሰረበት።
እጄ ወደዚያ ሄደ። ሥራዬ ነው ማለት እችል ነበር። መለስሁት።
ያን የታጠፈ ጫፍ ግን፣ ይቅር በይኝ፣
ምዕራፍ ሰባት ላይ አስገባሁት።

ከኋላሽ ሰልፍ አለ፤ ሰውዬው ሰዓቱን ያያል።
ዚፑን ዝጊው።
እለፊ።