የሞራግ ቪትዝ

አራት ሺህ ዶላር ነው ያለን በጠቅላላ፤
የኒውዚላንድ ዶላር። ግማሹ፣ በሌላ
ሰው በረት እየዋልሽ፣ ጥጃ በባልዲ አጥብተሽ፣
ጣትሽ እስኪደነዝዝ ቅዳሜሽን ሸጠሽ
ያመጣሽው ነው። የቀረው ግማሽ
ከወተት ቦቴ ነጂዋ፣ ከእኔ ከእናትሽ።

ገና አሥራ ስድስትሽ። መንጃ ፈቃድሽን
ትናንት ብቻ ስንቴ አሳየሽኝ? አሁን
እንደገና አወጣሽው። ፎቶው ላይ ከንፈርሽ
ግጥም ብሎ ሳለ ይስቃል ዓይንሽ።

ወንድሜ ዳርሲ በስልክ፦ "ሞተሯ ትንሽ ትሁን፤
ኤርባጓን ቁጠሪ፤ እርሺው ሬዲዮውን።"

መጀመሪያ ያየነው ቀዩን ነው፤ ከጎር
መውጫ፣ ከማታውራ ወንዝ ዳር፣ ከቆርቆሮ አጥር
ሥር ቆሞ ያበራል፤ ጭስ ማውጫው ጣሳ የሚያክል፣
ሞተሩ ሲነሳ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚል።
ባለቤቱ ልጅ እግር፤ ዋጋው አራት ሺህ ድፍን፣
ኪሳችንን ቆጥሮ የጠበቀ ይመስል እኛን።
ከፍሪጅ በር ላይ ያነሳኋትን የበግ ቅርጽ ማግኔት
ከኪሴ አወጣሁ፤ በሩ ላይ ለጠፍኳት፤
ወደቀች። ደግሜ ለጠፍኳት፤ ወደቀች።
ብረት ነው ያሉንን በር ስቱኮ ነው አለች።
አንቺ ግን ኮረፍሽ። "ቀለሙስ?" አልሽኝ።
"የሚያቆም ፍሬን ነው፤ ቀለም አይደል" አልኩኝ።
እስከ ቤት ድረስ ዝም።

ከመኖ መሸጫው ግድግዳ ላይ፣ በእርሳስ
የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት፦ "ሞራግ ዳግላስ።
ነጭ ቪትዝ። ሦስት ሺህ። ዓይኔ ስለደከመ።"
እርሳሱ ከዚህ በላይ አልሄደም፤ እዚያው ቆመ።

ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከበሯ ጠበቀችን፣
ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስላንቺ ጠየቀችን፦
"ሌሊት ትነጂያለሽ? ስልክሽስ የት ይሆናል?
ውርጭ አስፋልቱን ሲይዝ ፍሬን ምን ይደረጋል?"
እኔ ኮፈን ከፍቼ ሞተሯን ስመረምር፣
እሷ አንቺን ስትመረምር፣ ካፊያው ሲጀምር፣
ማን ማንን እንደሚገዛ ግራ ገባኝ፤
"ፍሬን ቶሎ አልረግጥም" ስትይ ድምፅሽ ተሰማኝ።

ደብተር አላት፤ የአሥራ አንድ ዓመት፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ዘይት፣ ካንዴላ፣ ጎማ፤ የጎደለ የለም።
የግራው በር ጭረት እንኳ፦ "የፖስታ ሳጥን
ገጨሁ። ጥፋቱ የኔ ነው" ይላል፣ ከነቀን።

ቁልፉን ስታዞሪው፣ ከዳሽቦርዱ ሥር
አንዲት ሴት በጃፓንኛ ረጋ ብላ ስትናገር
ደነገጥሽ። ሞራግ ሳቀች። "የምትለው ባይገባኝም፣
'እንደምን አደርሽ' ሳልላት ወጥቼ አላውቅም።
ሃሚሽ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የሚያናግረኝ
የእሷ ድምፅ ብቻ ነው" ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።
ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦
"የፊት ጎማዎቹ አልቀዋል። አምስት መቶ ልቀንስ፤
ጎማ ግዢበት እንጂ ሌላ ነገር እንዳይደርስ።"

አሁን ሰኞ ነው። ውርጭ ሜዳውን አንጥቶታል፤
ትንፋሽሽ መስታወቱን ከውስጥ ሸፍኖታል።
ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ይቺን ነጭ ቪትዝ
ጎረምሳ ዞሮ አያያት፤ ዳገት ላይ ትላለች ፍዝዝ።
ይኸው ነው የወደድኩላት። በሌሊት ሥራዬ
ስንቱን ፈጣን ቀይ ከቦይ ውስጥ አይቼ፣ ዝም ብዬ
እገባለሁ ቤቴ። ላንቺ አላወራሁም።
ለዚህ ነው ፍዘቷን እንደ ነውር ያልቆጠርሁም።

ሞተሩን አስነሳሽ። ያቺ ሴት ተናገረች።
እጅሽ ከመሪው ላይ ለአፍታ ዘገየች።
ግራ ቀኝ ቃኘሽና ሰው አለመኖሩን፣
"እንደምን አደርሽ" ሲል አየሁት ከንፈርሽን።

ከግቢው በር ደረስሽ። እስከ ድልድዩ ማዶ
መንገዱ ጭር ብሏል፤ አስፋልቱ ባዶ።
ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ለውርጩ ይሁን ለላም፣
ፍሬቻ አበራሽ። ጠበቅሽ። ወጣሽ በሰላም።