ወራጅ አለ

ሶዌቶ ላይ ታክሲ በአፍ አይጠራም፤
ጥሩንባው ይጮሃል፣ ሰው ግን አያወራም።
አመልካች ጣት ሽቅብ፦ «መሀል ከተማ ነኝ»፤
አመልካች ጣት ቁልቁል፦ «እዚሁ ቅርብ ጣለኝ»፤
መዳፉን አጎድጉዶ፣ የሌለ ብርቱካን
በማለዳ ብርድ ላይ ለጨበጠው ግን
መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርቱካን እርሻ እስከሚሉት ሰፈር፣
ዛፍ እስከማይታይበት፣ ቆርቆሮ እስከበቀለበት አፈር።

የፊቱን ወንበር ነፍሴ አትወደውም።
ረዳት የሚሉት እዚህ አገር የለም፤
ከኋላ የተነሳ ሳንቲም፣ በትከሻ በትከሻ
ሲቀባበሉት መጥቶ፣ የኔ መዳፍ ነው መድረሻ።
«የሦስት ሰው ውሰጂ!» «ከመቶው መልሽ!» «የኔስ የት ገባ?»
ሸሚዝ ስተኩስ የምውል ሴት፣ ቁጥር ሲጠሩብኝ ሆዴ የሚባባ፣
ዘጠኝ ጣት አጥፌ አሥረኛው ይጠፋኛል፤
ንታቴ ሞላፖ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ይስቅብኛል።

«አባቴ» ይለኛል፣ «ቫሊያንት ነበረው፣ አፍንጫው የረዘመ፣
በግፊና በምርቃት ካልሆነ ጠዋት የማይነሳ፣ የታመመ።
ሕጉ አራት ሰው ሲል፣ እሱ ሰባት ያጭቃል፤
ከሩቅ ፖሊስ ካየ ቀስ ይልና ይጠይቃል፦
‹ዛሬ የማን ልጆች ነን?›
ሰባት የማይተዋወቅ ሰው አንድ አያት ይመርጣል፣
አንድ የሞተ አጎት እዚያው ይወልዳል፤
‹ለቀብር ነው ጌታዬ› ይሉና ያለቅሳሉ፤
አንዳንዱም፣ ፖሊሱ ካለፈ በኋላ፣ ማቆም ያቅተው ነበር አሉ።

ከዚያ ኮምቢ መጣች፣ ሞተሯን እንደ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፤
ከዚያም ሃያስ፣ አሥራ አምስት ሰው ቢፈቀድላት ሃያ ጠቅልላ፤
ከዚያ ደግሞ ‹መስመሩ የኔ ነው› የሚል ጥይት።
ወንድሜ...»
መስታወቱን አስተካከለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤
የዝናብ መጥረጊያውን ለቀቀ፣ ደረቁን ጥቂት ጠራረገበት።

ዲኬሌዲ ከድልድዩ ሥር ትሳፈራለች፤
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ሆድ ጆሮዋን ዘግታ መጥታለች።
መንገድ ዳር ስትቆም ግን ከማን ትለያለች?
ጡብ ሠሪው፣ ተማሪው፣ ቄሱም በነጭ አንገትጌው
አፉን ዘግቶ በጣቱ ያወራል፤
በቀን አሥር ደቂቃ አገሩ በሙሉ የሷን ቋንቋ ይናገራል።

መውረዱ ነው እንጂ።
ለመሳፈር ጣት ይበቃል፣ መውረድ ጉሮሮ ይፈልጋል፤
«ከመብራቱ አለፍ ብሎ!» «ግራ!» ያላለ ያልፋል።
በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለት ፌርማታ አልፋ፣
በእግሯ ስትመለስ አየናት፣ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ አቅፋ።

ሐሙስ ዕለት፣ በዝናብ፣ ሳንቲም በሚመጣበት መንገድ
ሌላ ነገር መጣ።
ትንሽ ጣት የጡብ ሠሪውን ትከሻ ነካች፤
እሱ የፊቱን ነካ፤ ጎመን የታቀፈች ሴትዮ በክርኗ አቀበለች፤
ትከሻ ለትከሻ ተንከባልሎ እኔ ጋ ደረሰ።
ዞርኩ፤ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ባዶውን ተመለሰ።
ከሁሉ ኋላ፣ ጉም ባለበሰው መስኮት አጠገብ፣
ጣት፣
ቁልቁል።

ባሌን እንኳ ከደጅ ጮኬ ጠርቼ የማላውቀው እኔ
«ወራጅ አለ!» ብዬ፣ የጮኸው ማን ነው ብዬ ዞር አልኩለት።
ፍሬኑ ሲያጥ አለ። «የማን ልጅ ናት?» አለ ሞላፖ በመስታወት።
«የኛ» አለች ባለ ጎመኗ፤
«የአጎታችን» አለ አንዱ፣ ፊቱን ያላየሁት።

ዝናቡ ውስጥ ሮጠች።
ሒሳቡን ሦስቴ ቆጠርኩ፤ አራት ራንድ ጎደለ።
ሞላፖ ምንም አላለ።