ስድሳ ሰከንድ

ጦሳ ጉሙን ስቦ እስካፉ ሲተኛ፣
በሰንጣቃው መስኮት ብርዱ ገብቶ ከኛ፣
አብሮን ያነጋል፤ እሱም ባለተራ፣ እሱም ሌት ተረኛ።
ሰባት አልጋ አለን፣ ልጆቹ ግን ዘጠኝ፤
ከእንቅልፍ ይልቅ ዛሬ እጅ ነው ያነሰኝ።
የመስኮቱ አልጋ ከማክሰኞ ወዲህ ሌላ ልጅ ይዟል፤
አንሶላው ታጥቧል።
ስለሱ አልጽፍም።

ከሰኞ ገበያ የገዛኋት ሰዓት፣
ቀይ ነው ቀጭን ጣቷ፣ ዙረት አይሰለቻት፤
የልጁን ልብስ ገልጬ፣ ደረቱን እያየሁ፣
ከፍ፣ ዝቅ፤ አንድ፣ ሁለት፤ በሆዴ እቆጥራለሁ።
ግማሹን ቆጥሮ ማባዛት ይቀናል ለቸኮለ ሰው፤
የሕፃን ትንፋሽ ግን ይሮጣል፣ ይቆማል፣ አመል የለሽ ነው።
ስድሳ ሰከንድ ሙሉ፣ አንዲቷም ሳትጎድል፤
ከጎድኑ ሥር ቆዳው ይሰረጉዳል፣ እንደ አዘዋ ገደል።

ከኩታበር ወርዳ ማታ የደረሰችው፣
ሉባባ ትባላለች፤ ያሥራ አንድ ወር ልጅ ነው በጋቢ ያዘለችው።
"ስሙ ማነው?" አልኳት፣ ካርዱን እየጻፍኩት፤
"ኑሩ" አለች። "ኑሩ" ብዬ ለራሴ ደገምኩት፤
ስም ይሁን ልመና፣ ሳልለይ ተውኩት።

ቱቦውን ሳነሳ እጄን አፈፍ አርጋ፣
"ይሄ ይቅር" አለች፤ "አምናም ከዚህ አልጋ፣
የእህቴን ልጅ ይሄው ነው የወሰደባት፤
አፍንጫው ላይ አርገውት ነው፣ ሳይነጋ የሞተባት።"
አውቃለሁ። ኦክስጅን መጨረሻ ሰዓት ነው የሚጠራው፤
ጠብ ሊገላግል ገብቶ፣ ከሬሳ አጠገብ ቆሞ የተገኘ ሰው፣
ገዳይ ተብሎ ይያዝ የለ? የሱም ዕጣ ያው።

አልተቆጣኋትም። ጫፉን ከጉንጯ ላይ አስጠጋሁላት፤
"ንፋስ ነው ሉባባ፤ ሌላ የለበትም" አልኳት፤
"የኩታበር ንፋስ፣ የምታውቂው ነፋሻ፣
ጠርቶ የመጣ ነው፣ ለልጅ እንዲሆን ጉርሻ።"
ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።
"አይሸትም" አለች።
ቢስሚላህ ብላ፣ ራሷ የኑሩን ራስ ደግፋ ያዘች።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ዝምታው ነው የሚያስፈራው፤ የሚያጉተመትመው ማሽን ሲቆም፣
ዘጠኝ ትንፋሽ ብቻ ይቀራል፣ በጨለማ የሚደክም።
"አያ ይመር!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ከደጅ፣
ሲሊንደሩን ትከሻውን ይዞ እያዞረ አመጣው፣ እንደ ሰካራም ወዳጅ።
ስልኬን አብርቼ፣ በጥርሴ ነክሼ፣ ቁልፉን ስፈታው በጭንቅ፣
ከጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ቡልቅ አለ፤ ደግሞ ቡልቅ፣ ቡልቅ።
ከዚህ የሚጥም ዜማ ካለም፣ እኔ አላውቅ።

ቆጠርኩት፤ ስድሳ ስምንት።
ንፍጡን መጠጥኩለት፣ ራሱን ቀና አረግኩለት።
ስድሳ አራት።
ጠበቅኩ።
ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ጠፋ፣ ተነሳ።
ሃምሳ ሁለት።

ከታች አዛን፣ ከላይ ቅዳሴ ሲሰማ፣
ኑሩ አለቀሰ፣ እስኪነቃ ከተማ።
ለልቅሶ የሚተርፍ ትንፋሽ አገኘ ማለት ነው፤
ሉባባ ደንግጣ "ምን ሆነ?" ስትለኝ፣
"አብሽሪ፣ ተይው ያልቅስ" አልኳት፤ "ይሄ ደኅናው ነው።"
ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው፣
ከበርጩማዬ ብድግ አልኩና
"ኑሩ!" አልኩት፤ ስሙም እሱው ነው።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ ያንቀላፋ አንድ ሽማግሌ፣
ኮቱ ከፍ፣ ዝቅ ሲል፣ መቁጠር ጀመረ አመሌ።
ቧንቧ ውሃ ደረስን። "ወራጅ!" አላልኩም፤ አለፈኝ ሰፈሬ፤
ስድሳው ሰከንድ ገና አልሞላም ነበር።